በየትኛው በር ገባ?

የአንባብያን የጤና ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች ከተለያየ ከተማና ከተለያየ ኑሮ የመጡ ቢሆኑም ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው፤ በዓይን የማይታዩት ጎጂ ተሕዋስያን በምን መንገድ ወደ ሰውነታችን ይገባሉ፣ እንዴትስ እንከላከላቸዋለን? ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ሳነብ የጠያቂዎቻችን ችግር ቸልተኝነት እንዳልሆነ ተረዳሁ። ብዙዎቹ እንዲያውም እጅግ ይጠነቀቃሉ፤ ነገር ግን ዘብ የሚቆሙት ጀርሙ በማያልፍበት በር ላይ ነው። ስለዚህ በየመልሱ ከመድኃኒቱ አስቀድሜ መንገዱን ለማሳየት ሞክሬያለሁ። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህራችን አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው ብለውናል። እንዲህ ከሆነ እናቴ በየማታው የምታፈላው የመጠጥ ውሃ በእርግጥ ጀርም ይሞትበታል ወይስ ከሰላችንን በከንቱ እያቃጠልን ነው?
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ መምህሩም እናትም ትክክል ናቸው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ሆኖም በመጠጥ ውሃ የሚተላለፉት የኮሌራና የታይፎይድ ባክቴሪያዎች፣ አሜባና ጃርዲያ፣ እንዲሁም ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ይህን ያህል ሙቀት አይችሉም። ለማነጻጸር ያህል፣ በፋብሪካ የሚዘጋጀው ፓስቸራይዝድ ወተት የሚሞቀው በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ብቻ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ለምንኖር ሰዎች የሚሰጠው ምክር ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው፤ በቆላ ላሉት 1 ደቂቃ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ ከሰል ከመጨረስ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ድስቱ ሳይሆን ከድስቱ በኋላ ያለው ነው። የፈላው ውሃ ይቀዘቅዝና ሰፊ አፍ ወዳለው ባልዲ ይገለበጣል፤ በክዳኑ ላይ አንድ ኩባያ ይደፋበታል። ከሰዓት በኋላ ልጅ ኳስ ሲጫወት ውሎ ይገባል፣ ክዳኑን ያነሣል፣ ኩባያውን እስከ አንጓው ነክሮ ይቀዳና ጠጥቶ ይወጣል። በእሳት የተገደሉት ጀርሞች በጣቶቹ ተመልሰው ገቡ ማለት ነው። ስለዚህ የፈላ ውሃ የሚቀመጠው እጅ በማያስገባ ጠባብ አፍ ባለው ጀሪካን ወይም ከታች ቧንቧ ባለው ዕቃ ነው፤ ይገለበጣል እንጂ አይጨለፍም። ጀሪካኑም ቢሆን ውስጡ አረንጓዴ እስኪያወጣ መቆየት የለበትም፤ በየሳምንቱ የሳሙና ውሃና ጥቂት የታጠበ ጠጠር ከትቶ ጥሩ አድርጎ መናጥና ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶም ክዳኑ የተከፈተ ከሆነ ወፍም አቧራም ያስተናግዳል፤ ታጥቦ የሚያውቅበትን ቀን የሚያስታውስ ቤተሰብ ደግሞ ብዙ አላጋጠመኝም።

ማገዶ ላጠረው ቤት ክሎሪን ደኅና ምትክ ነው። ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተዘጋጀ እንደ ውሃ አጋር ያለ ምርት ከተገኘ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን መከተል ነው። በረኪና መጠቀም ግድ ከሆነ ሽቶም ሆነ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት፣ ጥንካሬው ከ5 እስከ 6 በመቶ መሆኑ የተጻፈበት ሊሆን ይገባል፤ ለ1 ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ ጨምሮ፣ አማስሎ፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ይጠለልና ጠብታው 4 ይሁን። ጥንካሬው ያልተጻፈበት በረኪና ግን ለልብስና ለወለል ይቅር። አሜባና ጃርዲያ ከሰውነት ውጭ ሲሆኑ ጠንካራ ሽፋን ስለሚለብሱ ክሎሪንን ከባክቴሪያ የበለጠ ይቋቋሙታል፤ በዚህ ረገድ የእናት እሳት ይበልጣል።

ውሃን መጠርጠር ራሱ ረጅም ዕድሜ ያለው ሐሳብ አይደለም። የለንደን ሰዎች ኮሌራ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው አፍንጫቸውን ይዘው በሚሄዱበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ ሲያጣራ አብዛኞቹ በብሮድ ጎዳና በሚገኝ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ሆነው አገኛቸው፤ የፓምፑም እጀታ እንዲነቀል አደረገ።

ጥያቄ፦ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብዬ መድኃኒት ወስጃለሁ። በሄድኩ ቁጥር ደሜ ይታያል፣ በታየ ቁጥር ፖዘቲቭ ነው ይባላል። ውሃ አፍልቼ እጠጣለሁ፣ ሰላጣ ከተውኩ ቆይቻለሁ። በሽታው ከየት ነው የሚመጣብኝ?
የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከደሴ

መልስ፦ አስቀድመን ሁለቱን ስሞች እንለያቸው፤ በአገራችን እንደ መንታ ልጆች አብረው ስለሚጠሩ አንድ በሽታ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን መግቢያው አፍ ነው፤ ከታማሚ ወይም ከተሸካሚ ሰው ሰገራ ወጥቶ በውሃ፣ በምግብና በእጅ ተጉዞ ወደ ሌላው አንጀት ይደርሳል። ታይፈስ፣ አባቶቻችን ተስቦ የሚሉት፣ ፈጽሞ ሌላ ጀርም ነው፤ የሚያመላልሰው የልብስ ቅማል ሲሆን ሰው የነከሰውን ቦታ ሲያክ የቅማሉ ዓይነ ምድር በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። ይህን ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ሻርል ኒኮል ቱኒስ ውስጥ ሲሠራ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ታማሚዎቹ ከሆስፒታሉ በር ላይ ሳሉ በሽታውን ለሌሎች ያስይዛሉ፣ ልብሳቸውን አውልቀው ከታጠቡና የሆስፒታል ልብስ ከለበሱ በኋላ ግን አያስይዙም። በልብሱ ውስጥ ያለውን ተጠያቂ እ.ኤ.አ. በ1909 በሙከራ አገኘው፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እንግዲህ አንደኛው በአፍ፣ ሌላኛው በቆዳ የሚገቡ ሁለት በሽታዎች በአንድ ንጹሕ ለባሽ ሰው ላይ በዓመት አራት ጊዜ ተያይዘው መምጣታቸው ለማመን ይከብዳል። የምርመራውን ነገር ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በአብዛኞቹ ክሊኒኮች ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። ይህ ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። በሌላ አነጋገር የሚያሳየው የጅቡን ዱካ እንጂ ጅቡን አይደለም፤ ዱካው የዛሬ ይሁን የአምና፣ የጅብ ይሁን የሌላ አውሬ በአንድ ጊዜ ምርመራ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ፀረ እንግዳ አካላቱ ሰው ከዳነ በኋላ ለወራት በደሙ ውስጥ ይቆያሉ፤ የታይፎይድ ክትባት የወሰደና በሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎች የተያዘ ሰው ደምም ተመሳሳይ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። በሽታው በሚበዛበት አገር የሚኖር ጤነኛ ሰው እንኳ ደሙ ቢመረመር ፖዘቲቭ ሊባል ይችላል።

ስለዚህ ምናልባት አራት ጊዜ ታይፎይድ አልያዘዎትም፤ አንድ ጊዜ ይዞዎት ዱካው አራት ጊዜ ተነቦ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ትኩሳቱ ከሌላ ምክንያት መጥቶ ምክንያቱ ሳይፈለግ ቀርቶ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ትኩሳት ሲሰማዎት መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የደም ካልቸር ሊሠራልዎ ይችል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ይህ ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚያሳይ ሲሆን በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት ውስጥ ሲሠራ ይበልጥ ይሳካል። ወደ ቆላ ወርደው ከነበረ የወባ ምርመራም ይቅደም። የተጀመረን መድኃኒት ግን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። ያለ በቂ ምክንያት ደጋግሞ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ በሰውነታችን ያሉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለማመዱት ያደርጋቸዋል፤ እውነተኛው ታይፎይድ በመጣ ዕለት መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል።

የጠየቁት «ከየት ነው» ግን መልስ ይሻል። ሰላጣ መተውዎ መልካም ነው፤ ምሳዎን የሚበሉት ከቤት ውጭ ከሆነ ግን ከሰላጣው ይልቅ የሚያሳስበው የአብሳዩ እጅ ነው። ከታይፎይድ ከዳኑ ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ለዓመታት ይኖራሉ። በኒውዮርክ በየሀብታሙ ቤት እየተቀጠረች የምታበስለው ሜሪ ማሎን አንድም ቀን ታምሜያለሁ ሳትል ብዙ ሰው አስይዛለች፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ተይዛ ከሰው ተገለለች፣ ምግብ ላታበስል ቃል ገብታ በ1910 ተለቀቀች፣ በ1915 በአንድ የወሊድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ስታበስል ተገኘችና እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1938 ተገልላ ኖረች። ምግብ ቤት ሲመርጡ ጠረጴዛውን ከማየት ይልቅ የሠራተኞቹ ሽንት ቤት ሳሙናና ውሃ እንዳለው ማየት ይሻላል፤ ትንሽ ያሳፍራል እንጂ ብዙ ይናገራል።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄን የጎረቤት ቡችላ እጁን ቧጨረው። ደም ወጣ የሚባል አይደለም። አያቱ «ቡችላ አያሳብድም፣ ካስፈለገም የአገር መድኃኒት አለ» ይላሉ። ምን ላድርግ?
አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የመጽሔቱን መውጫ ቀን መጠበቅ ስለማይገባ ለጠያቂያችን በስልክ መልሰንላቸዋል፤ እዚህ የምናትመው ለሌሎች ወላጆች ነው።

ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። ሰዓት ይዘው ይጠቡት፤ 15 ደቂቃ ሲያጥቡ ረጅም ነው። ቡና አይነስንሱበት፣ ቅቤም ነጭ ሽንኩርትም አይቀቡት። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚኖረው በእንስሳው ምራቅ ውስጥ ሲሆን በንክሻ፣ በጭረት ወይም የተላጠ ቆዳ በመላስ ይገባል፤ ውሻ ጥፍሩን ስለሚልስ ደም ያልወጣበት ጭረትም አይናቅም። ቡችላም በበሽታው ይያዛል፣ ያስተላልፋልም።

ቫይረሱ ከገባበት ቦታ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል፤ ንክሻው ፊት ወይም እጅ ላይ ሲሆን ሊያጥር ይችላል። ክትባቱ የሚያድነው ከቫይረሱ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 ሉዊ ፓስተር የ9 ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን ያተረፈውም ልጁ ከተነከሰ በኋላ በተሰጠ ክትባት ነው። ቫይረሱ አንጎል ደርሶ ውሃ መፍራትና መቃዠት ከጀመረ በኋላ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቡችላው ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ፤ በ10 ቀኑ ጤነኛ ከሆነ ሐኪሙ ቀሪውን ክትባት ሊያቆም ይችላል፤ ክትባቱን ለመጀመር ግን 10 ቀን አይጠበቅም። አያትን ላለማስቀየም ጸበል መውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብ ይውሰድ፣ ክትባቱን ግን በምንም አይለውጠው።

ጥያቄ፦ ቁርጥ ከሌለ በዓል አይመስለኝም። ሥጋው የምገዛው ከታወቀ ልኳንዳ ነው፣ የቄራ ማኅተም አለው፣ ከበላሁ በኋላም ሁለት መለኪያ አረቄ እወስዳለሁ። ባለቤቴ ግን ኮሶ ይይዝሃል እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ይፍረዱን።
ነጋዴ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ለባለቤትዎ እፈርዳለሁ፤ የቁርጥን ጣዕም ግን አልክድም።

የኮሶ ትል ታሪክ የሚጀምረው ከበሬው ሳይሆን ከሰው ነው። ትሉ አድጎ እንቁላል የሚጥለው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሎቹ በሣሩ ላይ ይቀራሉ፤ ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሎቹን ይውጣል፣ ከአንጀቱም ወጥተው በጡንቻው ውስጥ ይሰፍራሉ። እዚያ ምስር ወይም አተር የሚያክል፣ ውስጡ ውሃ የቋጠረ ነጭ ፍሬ ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ አንድ የትል ራስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሥጋው በጥሬው ሲበላ ይህ ራስ በጨጓራ አሲድና በሐሞት ተነቃቅቶ ከፍሬው ይወጣል፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥም ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። ቀደምት ሰዎች በየሁለት ወሩ የኮሶን አበባ በጥብጠው የሚጠጡት ይህን የእድገት ጊዜ በልምድ ደርሰውበት ይመስለኛል፤ ዛፉና ትሉም በአንድ ስም መጠራታቸው የሁለቱን ቁርኝት ይነግረናል። ዛሬ ግን የኮሶ መጠን ሲበዛ ስለሚጎዳ በሐኪም የሚታዘዘው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ይመረጣል።

አሁን ወደ አረቄው። የሚያቃጥለው ጉሮሮን ነው። ፍሬው በሥጋው ውስጥ ተቀብሮ፣ ከምግቡና ከጨጓራ ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ ሳለ ሁለት መለኪያ አረቄ እሱ ዘንድ ሲደርስ ኃይሉ ተሟጦ ነው። ሚጥሚጣውና ሰናፍጩም እንዲሁ። ማኅተሙስ? ማኅተም ያለው ሥጋ ከሌለው እጅግ ይሻላል፤ ከብቱ ጤነኛ ሆኖ መታረዱን ያመለክታል፣ ድንገት ሞቶ በተገኘ ከብት ከሚመጣው አባ ሰንጋም ይጠብቃል። የቄራ መርማሪ ግን የሚቀደውና የሚያየው የተወሰኑ ቦታዎችን ነው፤ መንጋጋ፣ ምላስ፣ ልብና ትከሻ ዋናዎቹ ናቸው። በሻኛው ውስጥ የተደበቀ አንድ ፍሬ ሊያልፈው ይችላል፤ ለእርስዎም አንድ ፍሬ ይበቃል።

ለብለብ ክትፎም ከዚህ አያመልጥም፤ ቅቤው ሞቅ ማለቱ የሥጋውን መካከል አያበስለውም። ብስል ክትፎ ውስጡ 71 ዲግሪ ሲደርስ አስተማማኝ ነው፤ በዓይን ሲታይ ቀይነቱ ፈጽሞ የጠፋ ማለት ነው። ጥሬውን መተው ካልሆነልዎ ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር 10 ቀን ማቆየት የኮሶውን ፍሬ ይገድላል፤ መብራት እየጠፋ የሚቀልጥና ዳግም የሚረጋ ሥጋ ግን አይቆጠርም። ቅዝቃዜ ሳልሞኔላንና በቢላዋ ከቆዳና ከአንጀት ወደ ሥጋው የሚሻገሩ ሌሎች ባክቴሪያዎችን እንደማይገድል ደግሞ ልብ ይበሉ። በዚህ ምክንያት ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና ሕመም ያደከማቸው ሰዎች በጭራሽ ጥሬ ሥጋ ባይቀምሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በታክሲ ስሄድ መስኮት ከከፈትኩ «ብርድ ታስመታናለህ» እያሉ ያስዘጉኛል። እውነት ብርድ ነው በሽታ የሚያመጣው? ደግሞ ቤታችን ውስጥ ወንድሜ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረ ሳምንቱ ነው። ኩባያውን፣ ሳህኑንና ማንኪያውን ለይተናል። ሌላ የሚቀር ነገር አለ?
የጋራዥ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የቀረው ዋናው ነገር ነው፤ የመኝታ ቤቱ መስኮት።

የሳንባ ነቀርሳ የሚገባው በአፍንጫና በአፍ ከሚሳበው አየር ጋር ወደ ሳንባ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ታማሚው ሲያስል፣ ሲያወራ ወይም ሲዘፍን በጣም ደቃቅ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ትልልቆቹ መሬት ይወድቃሉ፣ ደቃቆቹ ግን ደርቀው አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። በኩባያ ወይም በማንኪያ አይተላለፍም። ወንድምዎን ከማዕድ መለየታችሁ የሚጎዳው እሱን ብቻ ሲሆን፣ በተዘጋ ክፍል ከእሱ ጋር ማደራችሁ ግን እናንተን ይጎዳል። ሳህኑን መልሱለት፣ መስኮቱን ክፈቱ፤ ከተቻለ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብቻው ይተኛ፣ ሲያስል አፉን በክርኑ ወይም በጨርቅ ይሸፍን፣ ሰው ባለበት ማስክ ያድርግ። ቀን ቀን ፀሐይ ወደ ክፍሉ ትግባ፤ ባክቴሪያውን ከሚገድሉት ነገሮች አንዷ እሷ ናት። መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ የማስተላለፍ አቅሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሕክምናው ግን ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነውና በሁለተኛው ወር ደኅና ነኝ ብሎ እንዳያቆም አደራ። በቤቱ ያላችሁት በተለይም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ተመርመሩ። ልጆቹ ሲወለዱ የተከተቡት የቢሲጂ ክትባት ሕፃናትን ከከባዱ የነቀርሳ ዓይነት ይጠብቃል እንጂ ለአዋቂ ሳንባ እስከዚህም ዋስትና አይሆንም።

ወደ ታክሲው ስንመለስ፣ ከብርድ ጀርም አይወለድም። እ.ኤ.አ. በ1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ካሳየ ወዲህ ይህ ጥያቄ ሆኖ መቅረት አልነበረበትም። ጉንፋን በብርድ ወራት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ሰዎች መስኮት ዘግተው፣ ተጠጋግተው፣ የአንዱን ትንፋሽ ሌላው እየተነፈሰ ስለሚቀመጡ ነው። ሚኒባስ ውስጥ በሦስት ሰው ቦታ አራት ተቀምጦ አንዱ ሲያስል መስኮቱ ከተዘጋ አየሩ የሁሉም የጋራ ንብረት ይሆናል። እኔ በግሌ መስኮት አጠገብ ለመቀመጥ እሞክራለሁ፣ ሁለት ጣት ያህል እከፍታለሁ፤ የሚቆጣ ካለም ነጠላዬን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከ12 ዓመት በኋላ ከልጆቻችን ጋር ለጥምቀት ጎንደር ልንመጣ ነው፤ ባሕር ዳርና መተማም ዘመድ እንጠይቃለን። ልጆቹ የተወለዱት እዚህ ነው። እኔ በልጅነቴ ወባ ስለታመምኩ አልፈራም፤ ለልጆቹ ብቻ መድኃኒት ላዝዝ?
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ለራስዎም ያዝዙ። በተደጋጋሚ በመያዝ የሚገኘው የወባ መከላከያ አቅም ወባ ከሌለበት አገር ሲኖሩ በጊዜ ይሟሽሻል፤ ከ12 ዓመት በኋላ ሰውነትዎ ከልጆችዎ ብዙም አይለይም። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት የወባ ስጋት የለባትም፤ ባሕር ዳርና በተለይ መተማ ግን ወባ ያለባቸው ናቸው። ሐኪምዎን ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለው ያማክሩ፣ መድኃኒቱንም ከተመለሱ በኋላ እስከተባለው ቀን ድረስ ውሰዱ። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ስለምትናከስ አጎበር አይቅር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሀር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ዝርያ ደግሞ ከረግረግ ይልቅ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በታንከር በሚጠራቀም ውሃ ትራባለች፤ ስለዚህ «ከተማ ነን» ማለት እንደ ድሮው አያጽናናም። ከተመለሱ በኋላ፣ ከወራትም በኋላ ቢሆን፣ ትኩሳት ከመጣ ለሐኪሙ ከኢትዮጵያ እንደመጡ አስቀድመው ይንገሩት፤ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይነሣል፣ የአሜሪካ ሐኪም ደግሞ ካልተነገረው ወባን ላያስብ ይችላል።

ጥያቄ፦ አማቴ በገበታ ሲያጎርሱኝ እምቢ ማለት አልችልም። ግን የጨጓራ ባክቴሪያ እንዳለባቸው ሰምቻለሁ። በጉርሻ ይይዘኛል?
አዲስ ሙሽራ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የጨጓራ ባክቴሪያ የምንለው ኤች ፓይሎሪ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በአፍና በሰገራ መንገድ፣ ብዙውን ጊዜም በልጅነት፣ በአንድ ቤት ውስጥ በሚኖሩ ሰዎች መካከል ነው። አገራችን በዚህ ባክቴሪያ የተያዘ ሰው ከሚበዛባቸው አንዷ ስለሆነች እርስዎ ራስዎ ከሠርጉ በፊት ተይዘው ሊሆን ይችላል፤ ለአማትዎ አይንገሩ እንጂ። አብዛኞቹ የተያዙ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ምንም አይሰማቸውም፣ ጥቂቶቹ ግን የጨጓራ ቁስለት ይይዛቸዋል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ባክቴሪያው ጨጓራን እንደሚያሳምም ለማሳመን እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ጠጥቶ ታሞ አሳይቷል።

በጉርሻ ውስጥ የሚያሰጋው ፍቅሩ ሳይሆን ጣቶቹ ናቸው። ከማዕድ በፊት እጅ የማስታጠብ ልማዳችን ውሃው ከላይ ስለሚፈስና ታችኛው ሳፋ ቆሻሻውን ስለሚቀበል ትክክለኛ አሠራር ነው፤ የሚጎድለው ሳሙና ነው። ሳሙና ጀርሙን ከእጅ ቅባት ጋር አላቅቆ ያነሣዋል፣ የአንዳንዱንም የቅባት ሽፋን ይሰብራል፤ ውሃው ብቻ ይህን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ኢግናዝ ሰመልቫይስ ሐኪሞች ሬሳ ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ ሳይታጠቡ እናቶችን እንዳያዋልዱ ባደረገ ጊዜ የወላድ እናቶች ሞት በእጅጉ ቀንሷል። የክሎሪን ውሃ አያስፈልግዎትም። በማስታጠቢያው አጠገብ ሳሙና እርስዎ ያቅርቡ፤ ሙሽራ ስለሆኑ እንደ ትሕትና ይቆጠርልዎታል። 20 ሰከንድ ይፍተጉ፣ ከዚያም በትከሻ ላይ ተጥሎ ከሰው ወደ ሰው በሚዞረው ፎጣ ሳይሆን በአየር ይድረቅ። አማትዎ ምልክት ካላቸው ተመርምረው ይታከሙ፤ ሕክምናው አንቲባዮቲክ ስላለበት ሙሉውን ሊጨርሱት ይገባል።